ከአራተኛ ክፍል በኋላ ወላጅ ለምን ይርቃል?

(በካኩማ 1 የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች የትምህርት ዘመኑ ከመከፈቱ በፊት ባደረጉት ስብሰባ ላይ አንድ ስደተኛ መምህር ያቀረበው ንግግር)



 እንደምታውቁኝ ባለ ዲግሪ አይደለሁም። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሼ፣ እዚሁ ካምፕ ውስጥ የአጭር ጊዜ ሥልጠና ወስጄ የማስተምር ስደተኛ ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁ በየቀኑ በክፍል ውስጥ የማየውን ነው።

የተሰጠኝ ርዕስ ልጆችንና ወላጆችን ለላይኛው አንደኛ ደረጃ፣ ማለትም ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ላለው ትምህርት ማዘጋጀት የሚል ነው። ይህን ርዕስ የመረጥንበት ምክንያት አለን። ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ እናቱ እጁን ይዛ ታመጣዋለች። ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል እያለም ቢያንስ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ብቅ ትላለች። አራተኛ ክፍል ሲደርስ ግን ወላጅ ይጠፋል። መንገድ ላይ አግኝተን «ምነው ጠፉ?» ስንል የሚሰጠን መልስ አንድ ዓይነት ነው፤ «እኔ እንግሊዝኛ አላውቅ፣ ስዋሂሊ አላውቅ፣ መጥቼ ምን ልፈይድለት?» ይባላል። ልጁ በጣም የሚቸገረው ደግሞ ልክ በዚያን ጊዜ ነው።

እስቲ ምን እንደሚለወጥ ላስረዳ። በኬንያ የትምህርት ፖሊሲ መሠረት እስከ 3ኛ ክፍል በአካባቢው ቋንቋ ማስተማር ይቻላል። ከ4ኛ ክፍል ጀምሮ ግን የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ ኪስዋሂሊም ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ይቀጥላል። እስከዚያ ድረስ ልጁ ማንበብ ሲማር ቆይቷል፤ አሁን ግን አንብቦ ሌላ ነገር መማር ይኖርበታል። ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ማኅበራዊ ጥናት፣ ግብርና፣ ሁሉም ረዘም ያለ ጽሑፍ ይዘው ይመጣሉ። ፊደል እየቆጠረ ቀስ ብሎ የሚያነብ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ላይ አይታወቅበትም ነበር። አራተኛ ክፍል ላይ አንድ ገጽ ሳይጨርስ ደወል ይደወላል። በአንዳንድ ክፍሎቻችን ደግሞ ከመቶ በላይ ተማሪ ስላለ መምህሩ ወደ ኋላ ወንበር ድረስ ሄዶ «አንተስ ገባህ ወይ?» ለማለት ፋታ የለውም።

ከአገር ቤት በቅርቡ ለመጡት ልጆች ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። በአገራችን በብዙ ክልሎች በአፍ መፍቻ ቋንቋ የሚማሩት እስከ 6ኛ፣ አንዳንድ ቦታም እስከ 8ኛ ክፍል ነው። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ አምስተኛ ክፍል ደርሶ ሒሳቡን በሚገባ የሚያውቅ ልጅ እዚህ ሲመጣ የቋንቋ ፈተና ይሰጠውና ሦስተኛ ወይም ሁለተኛ ክፍል ግባ ይባላል። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ ከዘጠኝ ዓመት ሕፃናት ጋር ይቀመጣል። ጉልበቱ ከዴስኩ በላይ ይወጣል፤ ይሳቅበታል። ሁለት ሳምንት ይመጣና ይቀራል፤ ከዚያ ቡና ቤት ውስጥ ሰሃን ሲያጥብ ወይም ዕቃ ሲሸከም እናየዋለን። አደራችሁን፣ እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች «ወደ ኋላ ተመለሰ» አትበሉ፣ በጎረቤትም ፊት አታንሱበት። የጎደለው ቋንቋ እንጂ ዕውቀት አይደለም። ከአገር ቤት ይዞት የመጣው ካርድ ካለ ይዛችሁ ወደ ዋና መምህሩ ኑ። እንግሊዝኛው ሲሻሻል ወደሚመጥነው ክፍል ከፍ እንዲል ጠይቁ። ዕድሜያቸው ለገፋ ልጆች የተፋጠነ ትምህርት የሚሰጥበት ዕድል መኖር አለመኖሩንም በዚያው ጠይቁ። ወላጅ ካልጠየቀ ማንም አስታውሶ አይጠራውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። እንግሊዝኛ የማያውቅ ወላጅ ምን ማድረግ ይችላል?

አንዳንድ ወላጆች ልጁ እንግሊዝኛ እንዲለምድ ብለው ቤት ውስጥ አማርኛ መናገር ትተዋል። በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ካም፣ ጎ፣ ኢት» ይሉታል። ሐሳባቸው በጎ ነው፤ ነገር ግን ልጁን ይጎዳዋል። ምክንያቱም በሦስት ቃል የሚነጋገር ቤት ውስጥ ልጅ ሐሳብ ማዘርዘር አይማርም። ነገርን በቅደም ተከተል መናገር፣ «ምክንያቱም» ማለት፣ «ይህ ከዚያ የሚለየው በዚህ ነው» ማለት ልጅ ከእናቱና ከአባቱ የሚለምደው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። በአንድ ቋንቋ ይህን የቻለ ልጅ ወደ ሌላው ቋንቋ ይዞት ይሻገራል። በአንዱም ያልቻለ ግን የሚያሻግረው ነገር የለውም። ስለዚህ በአማርኛ አውሩ። ኦሮምኛ፣ አኙዋክኛ ወይም ሶማሊኛ የምትናገሩም እንደዚያው በቋንቋችሁ አውሩ።

እኔ ለወላጆች የምመክረው አንድ ሥራ አለ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ፀሐይም ሳትጠልቅ፣ ልጁን አጠገባችሁ አስቀምጡና ደብተሩን ክፈት በሉት። ከዚያም ዛሬ የተማርከውን በአማርኛ ንገረኝ በሉት። «ሳይንስ ተማርን» ብሎ ሊያልፋችሁ ይሞክራል፤ እንዳትለቁት። «ስለ ምን?» በሉ። «ስለ አፈር» ይላችኋል። «ስለ አፈር ምን ተባለ?» ካላችሁ «አሸዋማ አፈር ውሃ ቶሎ ያሳልፋል» ይል ይሆናል። «ለምን?» በሉት። እዚህ ላይ ዝም ካለ፣ ከሰሌዳ ገልብጦ መጣ እንጂ አልገባውም ማለት ነው። «በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ነው» ካለ ደግሞ ገብቶታል። ልዩነቱን ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ልጇ የሚያውቀውን ሲናገርና ሲንተባተብ ለይታ ታውቃለች። ደግሞም እኮ ስለ አፈርና ስለ ውሃ፣ ስለ ከብትና ስለ ሰብል ብዙዎቻችሁ ከመጽሐፉ በላይ ታውቃላችሁ። ልጁ ሲነግራችሁ «እኛ አገር ደግሞ ዋልካ የምንለው አፈር አለ፤ ውሃውን ይዞ ያስቀራል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል» ብላችሁ ጨምሩለት። ያን ጊዜ ትምህርቱ ከደብተር ወጥቶ ነፍስ ይዘራል።

ያልገባው ነገር ሲገኝ አትቆጡት። ደብተሩ ላይ ትንሽ ምልክት አድርጉለትና «ነገ መምህሩን ጠይቅ» በሉት። እኛም ምልክት ያለበት ደብተር ስናይ ቤት ውስጥ የሚከታተል ሰው እንዳለ ስለምናውቅ ለዚያ ልጅ ዓይናችንን እንጥላለን።

ስለ ኪስዋሂሊ አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ የእኔ የግል ደስታ ስለሆነ ትንሽ ብረዝም ይቅር በሉኝ። ብዙ ወላጆች «ስዋሂሊ ለምን ይጠቅማቸዋል?» ይላሉ። ይጠቅማል፤ የሚመዘኑበትም ነው። ነገር ግን እንደሚፈራው አይደለም። የኛ ልጅ ፊደል ከቆጠረ የኪስዋሂሊን ንባብ ግማሹን ሠርቶታል። ኪስዋሂሊ እንደ ተጻፈ የሚነበብ ቋንቋ ነው፤ «ባ፣ ቤ፣ ቢ፣ ቦ፣ ቡ» እያለ ይሄዳል። «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ» ብሎ ላደገ ልጅ የሚለወጠው የፊደሉ መልክ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ እንደዚህ አይደለም፤ የሚጻፈው ሌላ፣ የሚነበበው ሌላ ነው። ስለዚህ የላቲኑን ፊደል በኪስዋሂሊ አለማምዶ ወደ እንግሊዝኛ ማሻገር ለልጆቻችን ይቀላል ብዬ አምናለሁ። ቃሎቹም ሁሉ እንግዳ አይደሉም። እኛ ደም የምንለውን እነሱ ዳሙ ይሉታል፤ ሰባት ሳባ ነው፤ አርባ አሮባይኒ ነው፤ እኛ ቀለም የምንለው እነሱ ዘንድ ካላሙ ተብሎ እስክሪብቶ ሆኗል። ሰዓት አቆጣጠሩም የኛው ነው። መምህሩ «ሳ ምቢሊ» ሲል ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለቱ ነው። የሚያሳስተው በእንግሊዝኛ የተጻፈው የክፍለ ጊዜ ሠሌዳ ነው፤ እዚያ ላይ 8 ተብሎ ይጻፋል። ልጁ ሒሳብ ላይ የሰዓት ጥያቄ ሲመጣ እንዳይምታታበት ሁለቱንም አቆጣጠር ቤት ውስጥ አሳዩት። እልፍ የሚለው ቃልም እንዲሁ ነው፤ በኛ አሥር ሺህ ሲሆን በኪስዋሂሊ ኤልፉ አንድ ሺህ ነው።

ለእንግሊዝኛ ንባብ መጽሐፍ የለንም የምትሉም አላችሁ። በክፍል ውስጥም አንዱን መጽሐፍ ብዙ ልጆች እንደሚጋሩት አውቃለሁ። ቢሆንም በዱቄቱ ከረጢት ላይ፣ በዘይቱ ጣሳ ላይ፣ በመድኃኒቱ ካርቶን ላይ፣ በየድርጅቱ ሰሌዳ ላይ እንግሊዝኛ ተጽፏል። ልጁ ያንብበውና ምን ማለት እንደሆነ ይንገራችሁ።

ቀጥሎ ስለ ውጤት። እኛ አበሾች የካርድ ቀን የምንጠይቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ብለን ነው። አሁን ልጆቻችን የሚማሩበት ብቃት ተኮር የሚባለው የኬንያ ሥርዓተ ትምህርት ግን ልጆችን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ አይደረድርም። በሪፖርቱ ላይ የሚጻፈው ከሚጠበቀው በላይ፣ የሚጠበቀውን ያሟላ፣ ወደሚጠበቀው የቀረበ፣ ከሚጠበቀው በታች የሚል ነው። ደረጃ ስትጠይቁ ልጁ እናንተን ለማስደሰት «ሦስተኛ» ብሎ ይፈጥራል። ስለዚህ በየትኛው ትምህርት «በታች» እንደ ተባለ ጠይቁ፤ ለዚያ ትምህርት ምን መደረግ እንዳለበትም ከመምህሩ ስሙ።

የድሮው የስምንተኛ ክፍል ፈተና፣ ኬሲፒኢ የሚባለው፣ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀርቷል። በምትኩ በ6ኛ ክፍል መጨረሻ ኬፕሲያ በሚል አጭር ስም የሚጠራ አገር አቀፍ ምዘና አለ፤ መጀመሪያ የተሰጠው በ2022 ነው። ወላጆች ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው የሚከተለውን ነው። ከውጤቱ 40 በመቶው ብቻ ነው ከዚያ ምዘና የሚመጣው። ቀሪው 60 በመቶ በ4ኛ፣ በ5ኛና በ6ኛ ክፍል በትምህርት ቤት ከሚሰጡት ምዘናዎች፣ ለየዓመቱ 20 በመቶ እየሆነ የተከፋፈለ ነው። በኬፕሲያ ወድቀሃል ተብሎ የሚቀር ልጅ የለም፤ ሁሉም ወደ 7ኛ ያልፋል። ነገር ግን በ2025 ለመጀመሪያ ጊዜ ዘጠነኛ ክፍልን የጨረሱት ሲመደቡ የ6ኛ ክፍሉ ውጤት 20 በመቶ ተቆጥሮላቸዋል። ስለዚህ እንደ ድሮው ስድስተኛ ክፍል ሲደርስ ላምባ አቃጥሎ ያጠናል ማለት አያዋጣም። አራተኛ ክፍል ላይ በምዘናው ሳምንት የቀረ ልጅ የዚያን ዓመት ድርሻውን ያጣል።

መቅረት ካልን ዘንድ፣ ልጆች ለምን እንደሚቀሩ በግልጽ እንነጋገር። የራሽን ቀን ወረፋ እንዲይዙ፣ ክሊኒክ ሲኬድ እንዲያስተረጉሙ፣ ሱቅ እንዲጠብቁ ነው የሚቀሩት። ራሽን በቀነሰበት ጊዜ ቤተሰብ የሁሉንም ሰው ጉልበት እንደሚፈልግ ይገባኛል፤ እኔም ከዚያው ነው የምበላው። ግን እስቲ አስቡት፤ ቋንቋ በመቻሉ ነው ልጁን ለአስተርጓሚነት የምታስቀሩት፤ በማስቀረታችሁ ደግሞ ቋንቋው እዚያው ላይ ይቆማል። በዚያ ላይ እናት ለሐኪም የምትናገረውን ምሥጢር የአሥር ዓመት ልጅ መስማቱ ደግ አይደለም። ክሊኒክ ስትሄዱ አስተርጓሚ እንዲመደብላችሁ ጠይቁ፤ ካልተገኘም አዋቂ ጎረቤት ይዛችሁ ሂዱ። ሱቁም ቢሆን ከትምህርት በኋላ ይደርሳል።

የሴቶች ልጆች ጉዳይ ለብቻው መነሳት ይኖርበታል። ሦስተኛ ክፍል ላይ ሴቶቹም ወንዶቹም አብረው ይመጣሉ። ስድስተኛ ክፍል ላይ ስቆጥር የሴቶቹ ወንበር ሳስቶ አገኘዋለሁ። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ውሃ ቅጂ፣ እንጀራ ጋግሪ፣ ሕፃኑን ያዢ ይባላል። የወር አበባ የሚመጣውም በእነዚሁ ዓመታት ነው። እናት አስቀድማ ካልነገረቻት ልጅቱ በክፍል ውስጥ ትደነግጣለች፤ ልብሷ ተነክቶ አንድ ወንድ ልጅ ከሳቀባት ተመልሳ አትመጣም። እባካችሁ እናቶች፣ ሳይመጣ ንገሯት። ንጹሕ ጨርቅ ቆርጣችሁ፣ አጥባችሁ፣ በፀሐይ አድርቃችሁ በቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጡላት። ሴቶች መምህራንም አሉን፤ ከእነሱ ጋር ተነጋገሩ። አባቶች ደግሞ በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመቷ ስለ ጋብቻ የሚያነሳ ሰው ሲመጣ፣ በኬንያ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ ክልክል መሆኑን ንገሩት። ሕጉ ስደተኛውንም ይመለከታል። ይህን የምለው በስሚ ስሚ አይደለም፤ ጥሩ ሒሳብ የምትሠራ ልጅ በግማሽ ዓመት ወንበሯ ባዶ ሲሆን ዓይቻለሁ።

የወረቀት ነገር ቀላል ይመስላል፤ በኋላ ግን ያስለቅሳል። የልጁ ስም በማኒፌስቱና በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። ጽጌ የሚለውን ስም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት መንገድ ሊጽፉት ይችላሉ፤ አንዱን ብቻ ያዙ። የሁሉም ነገር መነሻ ማኒፌስቱ ስለሆነ የትምህርት ቤቱ ከእሱ ጋር ይስማማ። የትውልድ ቀንንም በጥንቃቄ ስጡ። በመጋቢት 2007 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጆች አቆጣጠር የተወለደው በ2015 ነው። መዝጋቢው ሳያስተውል 2007 ብሎ ከጻፈው ልጁ ስምንት ዓመት ይጨመርበታል፤ የአሥራ አንድ ዓመቱ ሕፃን በወረቀት ጎልማሳ ይሆናል። ስድስተኛ ክፍል ሲመዘገብ ለማስተካከል ከመሯሯጥ አሁኑኑ አይታችሁ ማስተካከል ይሻላል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ሰው ጮክ ብሎ አይናገረውም። «እኛ ፕሮሰስ ላይ ነን፣ ልጁ የሚማረው እዚያ ስንሄድ ነው» የሚል ሐሳብ አለ። ማንንም ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ እኔም ስሜ ተመዝግቧል። ግን በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ የስደተኞችን ቅበላ ስታቆም ሻንጣ ያዘጋጁ ቤተሰቦች ሁሉ እንዴት እንደ ቀሩ ሰምታችኋል። ፕሮሰሱ የራሱን ጊዜ ይወስዳል፤ የልጁ ዘጠኝ ዓመት፣ አሥር ዓመት ግን ቆሞ አይጠብቀውም። ቢሳካላችሁስ? እዚያም ቢሆን ክፍል የሚመደበው በአብዛኛው በዕድሜው ነው። ማንበብ ሳይችል ሰባተኛ ክፍል ቢቀመጥ የሚደርስበትን አስቡት።

ልጆች፣ አሁን ለእናንተ ነው። አራተኛ ክፍል ስትገቡ ያልገባችሁን ለመጠየቅ እጃችሁን አውጡ። እንግሊዝኛው ባይስተካከል ግድ የለም፤ አበላሽተህ ጠየቅህ ብሎ የሚቆጣ መምህር ካለ ለእኔ ንገሩኝ። እናታችሁ ማታ ደብተር ክፈት ስትል «አንቺ አታውቂውም» አትበሉ። ከአዲስ መጤ ልጅ አጠገብ ተቀመጡ፤ ቁመቱ ረዝሞ ቃሉ ያጠረበትን ልጅ አትሳቁበት። ሒሳብ ላይ ምናልባት እሱ ሊያስረዳችሁ ይችላል።

ትምህርት ሰጥተውኝ ስለሚያውቁት ፕሮጀክት አንዲት እናት ቀደም ሲል ጠይቀውኝ ነበር። ልጃቸው ካርቶን፣ ሙጫና ቀለም ግዙልኝ እያለ እንዳስቸገራቸው ነግረውኛል። አይግዙ እናቴ። ሥራው የሚጠይቀው በአካባቢው በተገኘ ነገር እንዲሠራ ነው፤ ባዶ ጣሳ፣ የተጣለ ካርቶን፣ ከላጋው የተለቀመ ጠጠር ይበቃል። እርስዎም ሆኑ ታላቅ ወንድሙ እንዳትሠሩለት። ተጣሞም ቢሆን ራሱ የሠራውን ይዞ ይምጣ፤ የምንመዝነው እሱን ነው።

የኬንያ የትምህርት ዘመን የሚከፈተው በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ በኛ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ቅዳሜዎች ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እኔና ሁለት መምህራን በዚሁ ዳስ እንገኛለን። ወደ አራተኛ ክፍል የሚገቡትን ልጆች አንድ በአንድ እያስነበብን የሚቸገሩትን እንለያለን፤ ለእነሱ ከሰዓት በኋላ የንባብ ቡድን እንጀምራለን። ስትመጡ ማኒፌስቱን፣ የአገር ቤት ካርድ ካለም ካርዱን፣ ልጁንም ራሱን ይዛችሁ ኑ። አማርኛ ማንበብ የምትችሉ አባቶችና እናቶች ደግሞ ለትንንሾቹ ፊደል የሚያስቆጥር ሰው ስለሚያስፈልገን፣ ከስብሰባው በኋላ ስማችሁን እዚህ ጋ አስመዝግቡልኝ።